ሁለተኛው ሰው በየት ይግባ?

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል፣ የዓሣው ገበያ የሚደምቀው በማለዳ ነው። አጥማጆቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር ይስባሉ፤ ቆሮሶው ከአምባዛው ይለያል፤ ልጆች በስለት እየገፈፉ ሥጋውን ለገዢ ያቀርባሉ፤ አባ ኮዳዎቹም በረጃጅም እግሮቻቸው ቆመው የሚጣለውን ይጠብቃሉ። ረፋዱ ላይ ግርግሩ ጋብ ሲል፣ በዋርካው ጥላ ሥር ሁለት ሰዎች የዓሣ ሾርባቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አንደኛው ለብዙ ዓመታት ኮምፒዩተር ሳይንስ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ የቀድሞ ተማሪያቸው፣ ዛሬ በሐዋሳ በፕሮግራመርነት የምትሠራ ወጣት ናት። ላፕቶፗ ጉልበቷ ላይ ተከፍቷል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው 31 መስመር ያለው የሥራ ዝርዝር ነው።

ከስድስት ወር በፊት ወጣቷ አንድ ሶፍትዌር ሠርታ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጋ ነበር። ኦፕን ሶርስ የሚባለው ይህ ነው፤ የፈለገ ሰው ኮዱን ያነባል፣ ይጠቀምበታል፣ ያሻሽለዋል፣ ያሻሻለውንም መልሶ ይልካል። ሶፍትዌሩ የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር ከጎርጎርዮሳዊው ጋር ያዛምዳል፣ ተዘዋዋሪ አጽዋማትንና በዓላትንም በባሕረ ሐሳብ ያሰላል። በስድስት ወር ውስጥ ግን ከእሷ በቀር አንድ መስመር የጻፈ ሰው የለም። ወደ ሐይቁ ዳር ያመጣት ይህ ነው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ሰው ይወደዋል። «በርቺ፣ ጥሩ ነው» ይለኛል። እጁን የሚያስገባ ግን አጣሁ። ምን ባደርግ ነው ፕሮግራመሮች የሚመጡልኝ?

መምህሩ፦ እስቲ መጀመሪያ ዝርዝሩን አንብቢልኝ።

አነበበችላቸው። በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛ፣ በትግርኛና በሶማልኛ መተርጎም አለ። የስልክ አፕ አለ። የሂጅራ አቆጣጠር አለ። የፍቼ ጨምበላላ በዓል ቀን አለ። የሰዓት አቆጣጠር አለ። በድምፅ የሚመልስ ረዳት አለ። ድረ ገጽ፣ አርማ፣ የቀለም ምርጫ፤ እንዲህ እያለ ይወርዳል።

መምህሩ፦ ከእነዚህ የሚቀድመው የቱ ነው?

ወጣቷ፦ ሁሉም ያስፈልጋሉ እኮ።

መምህሩ፦ እኔ ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት ትርፍ ጊዜ ቢኖረኝና ልረዳሽ ብል፣ የቱን ልያዝ?

ወጣቷ ዝርዝሩን ወደ ላይም ወደ ታችም ገፋችው። በሁለት ሰዓት የሚያልቅ አንድም አላገኘችም። በድምፅ የሚመልሰው ረዳት የዓመት ሥራ ነው። የስልኩ አፕ ቢያንስ የወራት ነው። ትንሽ የሚመስሉት ደግሞ ለሌላ ሰው የሚገባ ማብራሪያ አልተጻፈላቸውም፤ ምን ማለት እንደሆኑ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

መምህሩ፦ አየሽ፣ አንቺ ሁለት ጥያቄ ይዘሽ የመጣሽ መስሎሻል። አንዱ «ሰው እንዴት ላምጣ?» ነው፤ ሌላው «የቱን ላስቀድም?» ነው። እኔ እንደማየው ሁለቱ አንድ ናቸው። ሰው ያልመጣው ግብዣ ስላነሰው አይደለም። መጥቶ የሚይዘው ነገር ስላላገኘ ነው። አሁን ይህን ሥራ ለምን እንደጀመርሽ ንገሪኝ።

ታሪኩ አጭር ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቷን ይዛ ለሕክምና ሄዳ ነበር። መዝጋቢዋ የእናቷን የትውልድ ቀን ስትጠይቅ «ጳጉሜን 3» አለቻት። በኮምፒዩተሩ የወር ዝርዝር ውስጥ ያሉት ወሮች 12 ብቻ ነበሩ። መዝጋቢዋ ትንሽ አሰበችና ነሐሴ 30 ብላ መዘገበቻት። ማንም አልተከራከረም። ወጣቷ ግን ቤቷ ገብታ እንቅልፍ አልወሰዳትም። አሥራ ሦስት ወር ባላት አገር የአንድ ሰው የትውልድ ቀን ማስቀመጫ አጣ።

መምህሩ፦ ይህ በሶፍትዌሩ መግለጫ ላይ ተጽፏል?

ወጣቷ፦ አልተጻፈም። መግለጫው «ዘመናዊ፣ ሁለገብ የቀን አቆጣጠር መፍትሔ» ነው የሚለው።

መምህሩ፦ እሱን አጥፊና የእናትሽን ታሪክ ጻፊበት። ሁለገብ ለሚባል ነገር ማንም እንቅልፉን አያጣም። ጳጉሜን የሌለበት ቅጽ አጋጥሞት የተናደደ ሰው ግን ያነበበ ዕለት «ይህ የእኔም ጉዳይ ነው» ይላል።

ወጣቷ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ ግን ተከራከረች፤ ክርክሯም ተራ አልነበረም።

ወጣቷ፦ ታሪክ ብቻውን ሰው ያመጣል? ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ሲጀምር ከእኔ በዕድሜ ያነሰ ተማሪ ነበር። መልእክት ጻፈ፣ ዓለም ተከተለው።

መምህሩ፦ መልእክቱን የጻፈው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 25 ቀን 1991 ነው፤ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የ21 ዓመት ልጅ ነበር። ሰዎች የሚረሱት ግን መልእክቱን ሲልክ በእጁ የሚሠራ ነገር እንደነበረው ነው። በቀጣዩ ወር ያወጣው የመጀመሪያ ቅጂ 10 ሺህ መስመር ገደማ ነበር። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ይነሣል፣ ይሠራል። ደግሞም «ኑና እርዱኝ» ብቻ አላለም። ሰዎች ምን እንዲኖረው እንደሚፈልጉ ጠየቀ። ኤሪክ ሬይመንድም እ.ኤ.አ. በ1997 ባቀረበው «ካቴድራሉና ባዛሩ» በተባለ ድርሰቱ ይህንኑ ነው የሚያስረዳው፤ ገበያ የሚደራው አንድ ሰው መጀመሪያ የሚታይ ነገር ዘርግቶ ሲጠብቅ ነው። ባዶ መደብ ላይ ገዢ አይቆምም።

ቀጥለው የተቃራኒውን ምሳሌ አነሡ። ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ የድረ ገጽ ማሰሻውን ኮድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1998 ለዓለም ሲከፍት፣ በዚያ ዘመን ከዚያ የሚበልጥ ዜና አልነበረም። ስምም፣ ገንዘብም፣ ተጠቃሚም ነበረው። በመጀመሪያው ዓመት ከውጭ መጥተው የሠሩት ሰዎች ግን ከተጠበቀው በጣም ያነሱ ነበሩ። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ጄሚ ዛዊንስኪ በዓመቱ ሥራውን ሲለቅ ምክንያቱን ጽፎታል፤ ኮዱ እጅግ ትልቅና የተወሳሰበ ነበር፣ የተለቀቀውም ሰው አንሥቶ ወዲያው የሚጠቀምበት ሙሉ ነገር አልነበረም። ፋየርፎክስ 1.0 ሆኖ እስኪወጣ እ.ኤ.አ. እስከ ኅዳር 2004 መጠበቅ ግድ ሆነ። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ማለት ነው።

ወጣቷ፦ እነሱ ኔትስኬፕ ናቸው፣ ጋሼ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ተሞክሮ ያውቃል?

መምህሩ ሾርባቸውን አስቀመጡ። ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የቆዩ ይመስላሉ።

በ1990ዎቹ ዓመታት በኢትዮጵያ ቢሮዎች በኮምፒዩተር አማርኛ የጻፈ ሁሉ ያንን ዘመን ያስታውሰዋል። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ብራና፣ ዋሽራ፣ አጋፋሪ የሚባሉ ፕሮግራሞች ነበሩ። አገሪቱን ከጽሕፈት መኪና ያላቀቁት እነሱ ናቸው፤ ውለታቸው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ ፊደሉን በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚያስቀምጡ የተስማሙበት ደንብ አልነበረም። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣ ነበር። መምህሩ ራሳቸው የዓመታት የማስተማሪያ ጽሑፋቸው በፍሎፒ ዲስኮች ላይ ተቀምጦ እያለ፣ የጻፉበት ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ አልጫን በማለቱ እንደገና በእጃቸው ለመጻፍ ተገደዋል። ኮዱ ዝግ ስለነበረ ማንም ከውጭ ገብቶ ሊያስተካክለው አልቻለም።

መምህሩ፦ በዚያው ዘመን ግን ሌላ መንገድ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በጋራ ያዘጋጁት ሴራ የሚባል ደንብ አለ። አማርኛን በተራው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ እንዴት እንደምንጽፍ፣ የትኛው የላቲን ፊደል ለየትኛው ፊደላችን እንደሚቆም በዝርዝር ያስቀመጠ ነው። ደንቡን አልሸጡትም፤ ጽፈው ገለጡት። ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? ኢማክስ የሚባለው ነጻ የጽሑፍ ማዘጋጃ እ.ኤ.አ. በ1997 ሃያኛ ቅጂው ሲወጣ በውስጡ የግዕዝ ፊደል ነበረ። ያስገባው ማን ነው? ታካሃሺ ናኦቶ የሚባል ጃፓናዊ!

ወጣቷ፦ ጃፓናዊ?

መምህሩ፦ ጃፓናዊ። በጃፓን የመንግሥት የምርምር ተቋም ውስጥ ኢማክስን ብዙ ቋንቋ እንዲጽፍ የሚያደርግ ቡድን ነበር። ታካሃሺ የሴራን ደንብ አገኘ፣ ተጠቀመበት። ዛሬም ኢማክስ ውስጥ የሴራን ጽሑፍ ወደ ፊደል የሚለውጡ ትእዛዞች ከነስማቸው አሉ። እስቲ አስቢው፤ ይትናና ዳንኤል ጃፓን ሄደው ፕሮግራመር አልለመኑም። ሥራቸውን ሌላ ሰው ሊይዘው በሚችል መልክ አስቀመጡት፣ ያዘው። አንቺ ሁለተኛውን ሰው ሐዋሳ ውስጥ ትፈልጊያለሽ። እሱ ግን የት እንዳለ አታውቂም፤ ባሕር ዳር ሊሆን ይችላል፣ ሚኒሶታ ሊሆን ይችላል፣ ስለ ጳጉሜን ሰምቶ የማያውቅ ሰውም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለማታውቂው ሰው ነው የምትጽፊው።

ወጣቷ ከዚህ በኋላ ለየፊደሉ ቋሚ ቁጥር ስለሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ ስለ ዩኒኮድ ጠየቀች። የቅደም ተከተል ነገር ከነዋጋው የሚታይበት ታሪክ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የግዕዝ ፊደላት፣ አኃዞችና ምልክቶች ቋሚ ቁጥር አገኙ። ዛሬ በስልካችን አማርኛ የምንጻጻፈው በዚያ መሠረት ላይ ነው። ያ ዝርዝር ግን ሁሉንም አልያዘም ነበር። ለብሊን፣ ለሰባት ቤት፣ ለመኤንና ለሌሎች የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ፊደላት እ.ኤ.አ. በ2005 ገቡ። ለጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ፣ ለባስኬቶና ለጉሙዝ የሚሆኑት በ2010 ተከተሉ። ለጉራጊኛ አዲስ አጻጻፍ የተዘጋጁት 28 ፊደላት የገቡት በ2021 ነው፤ ከመጀመሪያው 22 ዓመት በኋላ።

ወጣቷ፦ ታዲያ ይህ ትክክል ነው? ጉራጌው ለምን 22 ዓመት ይጠብቅ?

መምህሩ፦ ከባድ ጥያቄ ነው፤ አላቃልለውም። ሁሉም እስኪሟላ ይቆይ ቢባል ኖሮ በ1999 ምንም አይገባም ነበር፣ እኛም እስከ ዛሬ በየፎንቱ ስንጣላ እንኖር ነበር። ነገር ግን የሚቀድመውን የሚመርጥ ሰው የሚቆየውንም እንደመረጠ ማወቅ አለበት። ስለዚህ «በኋላ» ብለሽ የምታስቀምጪውን አትደብቂው። ለምን እንደቆየ፣ ምን ሲሟላ እንደሚጀመር ጻፊለት። ምናልባት ሁለተኛው ሰው የሚመጣው በዚያ በቆየው ሥራ በኩል ነው። የሲዳምኛው ትርጉም እኮ ለአንቺ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ ላለ ለአንድ የሲዳምኛ አስተማሪ ግን ከሁሉ የሚቀድመው እሱ ሊሆን ይችላል።

በዚህ መካከል አንድ ጀልባ ነጂ ቀርቦ «ወደ ጉማሬዎቹ እንሂድ?» አለ። መምህሩ በእጃቸው አመስግነው መለሱት። ወጣቷ ግን በሐሳብ ወደ ጉዱማሌ ሄዳ ነበር፤ ከዝርዝሯ ላይ የምትሳሳለት የፍቼ ጨምበላላ ጉዳይ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በሐዋሳም በየዓመቱ በጉዱማሌ ይከበራል። እሷ ቀኑን ፕሮግራሙ በራሱ እንዲያሰላው ትፈልጋለች።

መምህሩ፦ ቀኑን የሚያውጁት እነማን ናቸው?

ወጣቷ፦ አያንቶዎቹ ናቸው። ከዋክብቱን አይተው።

መምህሩ፦ እንግዲያው በቀመር አታስሊው። የአዋቂዎቹን ቃል አክብሪና፣ ሲታወጅ የሚገባበት ባዶ ቦታ ብቻ አዘጋጂ። የጨረቃ መታየትን የሚጠብቁት የሙስሊም በዓላትም እንዲሁ ናቸው። አየሽ፣ ከዝርዝርሽ ላይ የሦስት ወር ሥራ የነበረው አሁን የአንድ ቀን ሆነ። ቅደም ተከተል ማውጣት አንዳንዴ ይህ ነው፤ ፕሮግራም የማይገባበትን ለይቶ ለባለቤቱ መተው።

ባሕረ ሐሳቡ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ከጥንትም ስሌት ነው። መምህሩ በልጅነታቸው የቄስ ትምህርት ያዩ ሰው ስለሆኑ በወረቀት ላይ አወጡት። 2018ን በ5500 ላይ ደምሩት፣ 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ መደቡ ይህ ነው። አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12። ወንበሩን በ11 አብዝቶ 30ውን መግደፍ አበቅቴን 12 ይሰጣል፤ በ19 አብዝቶ መግደፍ መጥቅዕን 18 ይሰጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ስሌቱ ተሳስቷል። መጥቅዕ 18 ከ14 ስለሚበልጥ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 ቀን 2018 እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመር መባጃ ሐመር 25። ጾመ ነነዌ ጥር 25 ይገባል፤ ከዚያ በ69ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ ነው።

ወጣቷ ወረቀቱን አንሥታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

ወጣቷ፦ «ድምሩ 30 ካልሆነ ተሳስተሃል» የሚለው እኮ እኛ ቴስት የምንለው ነው።

መምህሩ፦ ነው እንጂ። ስለዚህ ኮድ መጻፍ የማይችል መሪጌታ ለሥራሽ ከአሥር ፕሮግራመር ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል። የመቶ ዓመት ፋሲካ አውጥቶ ቢሰጥሽ ፕሮግራምሽ ትክክል መሆን አለመሆኑን በደቂቃ ታውቂያለሽ። «ፕሮግራመር ፈላጊ ነኝ» ስትዪ በሩን ለእነዚህ ሰዎች ዘግተሽባቸዋል።

እዚህ ላይ የመምህሩን ሐሳብ የሚያጠናክር አንድ የአፍሪካ ምሳሌ አለ። ማሳካኔ ይባላል፤ በኢሲዙሉ «አብረን እንገንባ» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረ፣ የአፍሪካ ቋንቋዎችን ለኮምፒዩተር የሚያመቻች የበጎ ፈቃደኞች ስብስብ ነው። የምርምር ዲግሪ የሌላቸውን፣ ቋንቋቸውን ግን የሚያውቁትን ተርጓሚዎችና ተማሪዎች ከሳይንቲስቶቹ እኩል በጽሑፎቹ ላይ በስማቸው አስገብቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች የሰው፣ የቦታና የተቋም ስሞችን የሚለይ የመረጃ ስብስብ አሳተሙ፤ አማርኛ አንዱ ነው። ሰዎቹን ያመጣቸው ደመወዝ አይደለም። እያንዳንዱ ሰው በራሱ ቋንቋ ሊይዘው የሚችለው፣ መጠኑ የታወቀ ሥራ አገኘ፤ ስሙም ተጻፈለት።

ወጣቷ አንድ ሥጋት ቀርቷታል። የእሷ ሥራ እንደገና የተፈለሰፈ ነገር ቢሆንስ? ለቀን አቆጣጠር እኮ የተሠሩ አሉ። አይሲዩ የሚባለው በብዙ ስልኮችና ኮምፒዩተሮች ውስጥ ያለ ላይብረሪ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። በጃቫ ለሚሠሩም ጆዳ ታይም ያውቀዋል።

መምህሩ፦ ጥሩ፣ እንግዲያው ቀን መለወጡን ከእነሱ ተዋሺ። የራስሽን አትጻፊ፤ ያለሽን ሁለት ሺህ መስመር ብትሰርዢ አትዘኚ። አጽዋማቱ፣ በዓላቱ፣ ጳጉሜን ያለበት ቅጽ የአንቺ ይሁኑ። አዲስ ሰው ሲመጣ የሚያነበው ኮድ ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይገባዋል። ኔትስኬፕን አትርሺ።

ወጣቷ፦ ይህን ሁሉ ስሠራ መንግሥትም ሆነ ድርጅት የሚጠቀምበት ይመስልዎታል?

መምህሩ፦ እነሱማ ኦፕን ሶርስ ላይ ከገቡ ቆዩ። ፋይዳ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በተባለ መሠረት ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ባንጋሎር በሚገኝ የሕንድ ተቋም የተሠራ ኦፕን ሶርስ ነው። ለመታወቂያውም ሕግ ወጥቶለታል፤ አዋጅ ቁጥር 1284/2015። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ ቱ ደግሞ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በውስጡ አለ። እነዚህ ነገሮች ለእኛ ጠቅመዋል። ግን አንድ ነገር ልብ በዪ፤ በኦፕን ሶርስ ውስጥ የሚቀድመውን የሚወስነው በአብዛኛው ሥራውን የሚሠራው ነው። እኛ ተጠቃሚ ብቻ ከሆንን፣ የእኛ ጳጉሜን በሰው ዝርዝር ውስጥ 40ኛ ላይ ትቆያለች። እጅ ካስገባን ግን ወደ ላይ ትወጣለች። ልጆቻችን ኮድ እየተማሩ ነው፤ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ። ሥልጠናውን የጨረሰ ልጅ ቀጥሎ የት ሄዶ ይለማመድ? ከትልቅ ሰው ጋር የሚሠራበት፣ ስህተቱ የሚታረምበት ቦታ ያስፈልገዋል። የአንቺ ትንሽ ሥራ ያ ቦታ ሊሆን ይችላል።

ስለ እርማት ሲነሣ መምህሩ ድምፃቸውን ጠበቅ አደረጉ። ወጣቷ ባለፈው ወር አንድ ሰው ከአዳማ የፊደል ግድፈት አርሞ እንደላከላት፣ እሷም በሥራ ብዛት ለሦስት ሳምንት ሳትመልስለት እንደቆየች ሳትወድ ነገረቻቸው።

መምህሩ፦ ታዲያ ሰው አልመጣም ትያለሽ? መጥቶ ነበር እኮ። በር ላይ አቆምሽው።

ወጣቷ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ግን እሷም የራሷን ተናገረች፤ ቀን ትቀጠራለች፣ ማታ ይህን ትሠራለች፣ ቅዳሜና እሑድ የቤተሰብ ነው። መምህሩ አልተቆጧትም። ብቻውን የሚሠራ ሰው መድከሙ የባሕርይ ጉድለት እንዳልሆነ፣ ዓለምም ይህን በብዙ ዋጋ እንደተማረ ነገሯት። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 ኸርትብሊድ የተባለው ክፍተት ሲገለጥ፣ የዓለም ባንኮችና ድረ ገጾች ምስጢራቸውን አደራ የሰጡት ኦፕን ኤስኤስኤል በሙሉ ጊዜ የሚሠራለት ሰው አንድ ብቻ እንደነበር ታወቀ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 የተገለጠው የኤክስዚ ጉዳይ ደግሞ ይብሳል። አንድ የደከመው ሰው ብቻውን የያዘውን ፕሮጀክት፣ በሐሰት ስም የቀረበ ረዳት ከሁለት ዓመት በላይ እየሠራ አመኔታ አገኘና የተደበቀ በር ከፈተበት። የተገኘውም አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱን አይቶ በመጠራጠሩ ነው።

ወጣቷ፦ ታዲያ ማንን ልመን?

መምህሩ፦ ሥራውን እመኚ፣ ቀስ በቀስ ሰውየውን። የሚላክልሽን ለውጥ ሁሉ አንብቢ፤ ያልገባሽን አታስገቢ። ቁልፍ ለመስጠት አትቸኩዪ። ምላሽ ለመስጠት ግን ቸኩዪ። «አየሁት፣ አመሰግናለሁ፣ እሑድ እመለስበታለሁ» ማለት አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ለአዳማው ሰው አሁኑኑ ጻፊለት።

እዚያው ጻፈችለት። ይቅርታ ጠየቀች፣ እርማቱን ተቀበለች፣ ስሙንም በተባባሪዎች ዝርዝር ላይ አሰፈረች። ከዚያ ወደ 31 መስመሩ ተመለሱ። የሚቀጥለው አንድ ሰዓት ያለፈው በመሰረዝ ነው። አርማውና ቀለሙ ወጡ። በድምፅ የሚመልሰው ረዳት ወጣ፤ ለዚህም ወጣቷ ተከራክራ ተሸነፈች። የስልኩ አፕ «በኋላ» ወደሚለው ገጽ ተዛወረ፤ ለምን እንደቆየ በሁለት ዓረፍተ ነገር ተጻፈበት። ሲዳምኛው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛውና ሶማልኛው የወርና የቀን ስሞችን ብቻ ወደ መተርጎም አነሱ፤ ማንኛውም ተናጋሪ በአንድ ምሽት የሚጨርሰው ሆኑ። ፈቃዱን በተመለከተ ጭራሽ አለመጻፏ ታወቀ፤ ፈቃድ የሌለው ኮድ ቢታይም ሌላው ሰው በሕግ ሊጠቀምበት አይችልም፣ ስለዚህ እሱ ከሁሉ በፊት ዛሬ እንዲገባ ተወሰነ። ፕሮግራሙን በአዲስ ኮምፒዩተር ላይ እንዴት እንደሚያስነሡት የሚገልጽ መመሪያም እንዲጻፍ፣ መመሪያውንም ኮዱን አይቶ የማያውቅ ሰው ፊቷ ተቀምጦ እንዲሞክረው ተስማሙ። ሞካሪው መምህሩ ሆኑ። በሦስተኛው መስመር ላይ ተሰናከሉ፤ ወጣቷ አስተካከለችው።

በመጨረሻ ከላይ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ጳጉሜን ያለበት ቅጽ፣ የባሕረ ሐሳቡ ትክክለኛነት፣ የቋንቋዎቹ የወር ስሞች። በእያንዳንዱ ሥር ከሁለት ሰዓት የማይበልጡ ትንንሽ ሥራዎች ተዘረዘሩ። የመጀመሪያውን መምህሩ በቃል አጻፏት፣ ወጣቷ በራሷ አነጋገር አቃናችው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ሳታዘቀዝቅ ለሁሉም ክፍት ሆነ። እንዲህ ይላል፦

«ለአዲስ መጪ የሚሆን ሥራ። 2019 ዘመነ ሉቃስ ስለሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። መጥቅዑ ጥቅምት 7፣ ጾመ ነነዌ የካቲት 15፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን ይውላል። ፕሮግራሙ እነዚህን አራት መልሶች መስጠቱን የሚያረጋግጥ ቴስት ይጻፍ። ባሕረ ሐሳብን ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ ስሌቱ ከነማብራሪያው ከዚህ በታች አለ። ያልገባችሁን ጠይቁ፤ በሁለት ቀን ውስጥ እንመልሳለን።»